የተናገሩትና የወለዱት

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ብሂል የሰማ ሰው ልጅ ሊሞት ነው ብሎ አይደነግጥም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ነገሩ የቃልን ክብደት ለማጉላት የተጋነነ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ብሂሉ በሽምግልና ላይም ሆነ በዕዳ ክርክር መካከል እንደ ዋዛ ይጠቀሳል። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ግነቱ ይቀርና ቃሉ እንዳለ እውነት ይሆናል፤ ይኸውም የሕዝብ እንደራሴዎች ጦርነትን፣ ወይም ጦርነትን የሚያስከትል ሥልጣንን፣ በድምፃቸው ፈቅደው ሲያበቁ፣ ጦርነቱ ከታሰበው በላይ ሲረዝም ወይም ከተነሣበት ዓላማ ሲወጣ «አንድ ጊዜ ፈቅደናልና ከመሪው ጎን መቆም ግዴታችን ነው» የሚሉበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የተናገሩት እንዳይጠፋ ሲባል የተወለደ በእርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ብሂሉ እንደሚለው የተናጋሪው ልጅ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ገበሬ ልጅ ነው።

ጥያቄው በትክክል እንዲቀመጥ ሁለት ቃላትን መለየት ያሻል። ፈቃድ ማለት ሕግ አውጪው አካል ሥራ አስፈጻሚው ባቀረበው ምክንያት ላይ ተመሥርቶ ኃይል እንዲጠቀም የሚሰጠው ይሁንታ ሲሆን፣ ቀኑና ቃሉ የታወቀ፣ በድምፅ ቆጠራ የሚያልቅ ድርጊት ነው። ድጋፍ ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ በውስጡም ብዙ ጊዜ ተደበላልቀው የሚነገሩ የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ለዘመተው ወታደር ደጀን መሆን አንድ ነገር ነው፣ ጦርነቱ የተነሣበትን ዓላማ ማመን ሌላ ነው፣ የጦርነቱን አካሄድ ማጽደቅ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፣ ለሚያዘምተው መሪ ታማኝ መሆንም ከእነዚህ ሁሉ የራቀ ነው። በጦርነት ወቅት የሚሰማው ንግግር አራቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ያስራቸዋል፤ ስለ አካሄዱ የጠየቀ ሰው ወታደሩን እንደ ከዳ የሚቆጠረውም በዚህ የተነሣ ነው።

በኢትዮጵያ ጦርነት የማወጅ ሥልጣን ቢያንስ በጽሑፍ ደረጃ ቀስ በቀስ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ጉባኤ ተሸጋግሯል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መብቱን ለንጉሠ ነገሥቱ ቢያቆይም የፓርላማውን ምክርና ስምምነት እንዲያገኝበት አስገድዶ ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. መግቢያ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ደግሞ የጦርነትንና የሰላምን ጉዳይ 835 አባላት ለነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ ሰጥቷል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱን ርዕሰ ብሔር አድርጎ የጦሩን ጠቅላይ አዛዥነት በአንቀጽ 74 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለሰጠ፣ በሌላ አገር የፕሬዝዳንት ጦርነት የሚባለው በኢትዮጵያ የጠቅላይ ሚኒስትር ጦርነት ይሆናል። የጦርነት አዋጅ የሚወጣው በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 54 በበኩሉ እንደራሴው የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ሲዘረዝር ጠቅላይ ሚኒስትሩን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም፤ ይህ መዘንጋት አይመስልም።

ድጋፍ ይገባል የሚለው ወገን የያዘው ክርክር ግን በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ወታደሩ ምሽግ ውስጥ ሳለ የላኩት ሰዎች መከራከራቸውን ሲሰማ ልቡ ይከፈላል፣ ጠላትም ያንኑ ክርክር ሰምቶ ትንሽ ብታገሥ ይደክማሉ ብሎ ያሰላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩ ሲያምር አብሮ እጁን ያወጣ ሰው ሲበላሽ እጁን መታጠቡ ነውር ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ለዚህ ወገን ጥሩ ምስክር ይሰጠዋል። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ቀረቡ፤ የእስራኤል አለቆችም እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ማሉላቸው፤ ተንኮሉ በሦስተኛው ቀን ቢገለጥም፣ ሕዝቡ ቢያጉረመርምም፣ አለቆቹ መሐላውን አላፈረሱም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ በመጣሱ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ እንደመጣ በሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። በማታለል የተገኘ ቃል እንኳ እንዲህ ከጸና፣ በአዳራሽ ውስጥ በይፋ የተሰጠ ቃል እንዴት አይጸናም ሊባል ይችላል።

ሆኖም የገባዖን መሐላ የተጠበቀው ሰው እንዳይገደል ነው። ቃል ተጠብቆ ሰው የሞተባቸው ሁለት ታሪኮች ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያሉ። አንደኛው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 የሚገኘው የዮፍታሔ ታሪክ ነው። ዮፍታሔ ጦርነት የወደደ ሰው አልነበረም፤ ለአሞን ንጉሥ ሁለት ጊዜ መልእክተኛ ልኮ በክርክር ሊያስቆመው ሞክሯል፤ ይህም ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ከውጊያ በፊት ሰላም ይጠራ ብሎ ያዘዘው፣ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገረው በ44ኛው አንቀጹ የተቀበለው ሥርዓት ነው። ስለዚህ የዮፍታሔ ጦርነት ከመነሻው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። የተበላሸው በጦርነቱ ላይ በጨመረው ስዕለት ነው፤ ድል ካደረገ ከቤቱ ደጅ ሊቀበለው የሚወጣውን እንደሚሠዋ ተሳለ፣ ከበሮ ይዛ የወጣችውም አንድያ ልጁ ሆነች። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ነገር፣ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 27 ለእግዚአብሔር የተሳሉትን ሰው በገንዘብ የመዋጀት መንገድ ከፍቶ የነበረ መሆኑ ነው፤ ሕጉ መውጫ እያለው ሰውየው አፌን ከፍቻለሁና መመለስ አልችልም አለ። ሁለተኛው ሄሮድስ ነው፤ የዮሐንስን ራስ ያስቆረጠው ሊያስገድለው ፈልጎ ሳይሆን አዝኖ ሳለ፣ ስለ መሐላውና አብረውት ማዕድ ስለተቀመጡት ሰዎች ሲል መሆኑን ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 6 ይተርካል። በእንግዶች ፊት አለማፈር ከነቢይ ሕይወት በለጠበት። ከውሳኔያቸው የማይመለሱ ጉባኤዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያከብሩት የሰጡትን ቃል ሳይሆን በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡትን ሰዎች ዓይን ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚነሣው ጥያቄ ቃል ይከበር ወይስ አይከበር የሚል አይደለም። ቃል የሰጠው ማን ነው፣ ለማን ነው የሚል ነው። አንድ መንግሥት ወደ ምክር ቤት ቀርቦ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱን የሚያስረዳው፣ ዓላማውን የሚወስነው፣ ጦርነቱ አጭር ይሆናል ብሎ ተስፋ የሚሰጠው መንግሥቱ ነው፤ ተናጋሪው እርሱ ነው፣ «የተናገሩት» የሚባለውም የእርሱ ቃል ነው። ቃሉ የሚጸናለት ደግሞ ልጁን የሚልከው ሕዝብ ነው። በመካከል የቆመው እንደራሴ ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ ለእርሱ የሚስማማውን ስም ፍለጋ ከአገሩ ልማድ መውጣት አያስፈልግም፤ ዋስ ነው።

ዋስ ማለት ሌላው ሰው የገባውን ግዴታ ባይፈጽም እኔ እጠየቃለሁ ብሎ በባለገንዘቡ ፊት የሚቆም ሰው ነው። ዋስ የባለዕዳው ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ ከቆመ በኋላ ግን ከማንም ይልቅ ባለዕዳውን የሚከታተል፣ ከብቱን ሸጦ ሊሰደድ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ እንቅልፍ የሚያጣው እርሱ ነው። ዋስ ሆኛለሁና ዕዳውን ባይከፍልም ከጎኑ እቆማለሁ የሚል ዋስ ቢገኝ መንደሩ ይስቅበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1922 አንድ ጥበብ ጨምሯል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ የዋስትናው ውል አይጸናም። ሕጉ በብር ጉዳይ ልክ የሌለው ዋስትናን ዋጋ ቢስ ካደረገ፣ በሰው ሕይወት ላይ ልክ የሌለው ፈቃድ በምን ሚዛን ይጸናል? ፈቃዱን የሰጠ እንደራሴ ከተቃወመው ባልደረባው ይልቅ የመጠየቅ ግዴታ አለበት የሚለው መደምደሚያም ከዚህ ይመነጫል፤ የተቃወመው ሰው «ብያችሁ ነበር» ብሎ ሊቀመጥ ይችል ይሆናል፣ የፈቀደው ግን በዋስትናው ተይዟል። የዘመተ ልጅ ሲሞት መርዶው በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሟቹ እናት ከቤት ሳትወጣ ይነገራል፤ አስከሬኑ ካልመጣም ፎቶግራፉና ልብሱ በድንኳኑ መካከል ተቀምጦ ይለቀስለታል። የዋሱ ዕዳ የሚቆጠረው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው።

የፈቀደ አካል ከፈቀደ በኋላ ምን እንደሚሠራ ለማየት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ የሚገኘው ጓሳ ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ የተሻለ ያስተምራል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ጀምሮ የሚወጣ ውርጫም መስክ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሳር ነው፤ ሳሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ከዝናብና ከውርጭ የሚሸሸግበት ገሳም ይሠራበታል። አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ይህን መስክ ለዘመናት ያስተዳደሩት ቀሮ በተባለ ሥርዓት ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፣ መስኩ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ከሰውም ከከብትም ይዘጋል፣ ሳሩ ሲደርስ ደግሞ በበጋው ይከፈታል። ትምህርቱ ያለው በአከፋፈቱ ላይ ነው። «ተከፍቷል» ማለት «እንደፈለጋችሁ» ማለት አልነበረም፤ መጀመሪያ ሳሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፣ ክረምቱ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የከፈተው አካል ከመስኩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፣ ተጠቃሚውም ተራ ገብቶ ይጠብቃል። አባ ቀራው ከፍቻለሁና ከእንግዲህ የአጫጆቹ ደጋፊ ነኝ ቢል ሥርዓቱ በዚያው ዓመት ይፈርስ ነበር፤ መክፈት የሚችለው መዝጋት ስለሚችል ብቻ ነውና። በእርግጥ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ያለልክ የታጨደ ጓሳ ጥቂት ዓመት ቢተኛ ያገግማል።

በአገር ደረጃ የተቋቋሙት ጉባኤዎች ታሪክ ከቀሮ ሥርዓት ጋር ሲተያይ ያሳዝናል። የኤርትራው ጦርነት ብሔራዊ ሸንጎው ከመመሥረቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የጀመረ ስለነበር ሸንጎው ፈቅዶታል ከማለት ተረክቦታል ማለት ይቀላል። በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ፣ በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሠራዊቱ ተሰበረ፤ ሸንጎው የፕሬዝዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያምን ጦርነት አልመረመረም። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ልክ በሃያኛው ቀን፣ ግንቦት 28፣ ሸንጎው በአስቸኳይ ስብሰባ ያለ ቅድመ ሁኔታ ድርድር ይደረግ የሚለውን ሐሳብ አጸደቀ፤ ከዚያም በአትላንታና በናይሮቢ በጂሚ ካርተር ሸምጋይነት ንግግር ተሞከረ። የሰላሙ ሐሳብ ራሱ ከመንግሥቱ ዘንድ የመጣ ነበርና፣ 835ቱ ሰዎች ጦርነቱንም ሰላሙንም የተቀበሉት ከአንድ እጅ ነው።

ኅዳር 21 ቀን 1999 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ላይ የወሰነው ውሳኔ ለዚህ ጥያቄ ይበልጥ ንጹሕ ምሳሌ ይሰጣል። ውሳኔው ከእነዚያ ወገኖች የሚመጣን ጥቃት ለመመከት መንግሥት አስፈላጊና ሕጋዊ የሆነውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ የሚፈቅድ ሲሆን፣ የ1997ቱ ምርጫ ያስገባቸው የተቃዋሚ አባላት በነበሩበት ምክር ቤት ተቃውሞ ገጥሞት በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ወር ሳይሞላ ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ገባ፤ የወጣውም በጥር 2001 ነው። ጥቃትን ለመመከት እጁን ያወጣ አባል፣ በሌላ አገር ዋና ከተማ ሁለት ዓመት መቆየትንም ፈቅዷል? በጽሑፉ ላይ «መመከት» የሚል ቃል ነበረ፤ ልኩ እርሱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ደግፎ መቆየትና ያንን ቃል እያስታወሱ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ታማኝነቶች ነበሩ፤ የፈቀደው አብላጫ የመጀመሪያውን መረጠ።

በ2013 የተጀመረው ጦርነት ደግሞ የፈቃዱን ስም ራሱን ያደበዘዘ ነበር። በሰሜን ዕዝ ላይ ጥቃት መድረሱን ተከትሎ መንግሥት ጥቅምት 25 ቀን 2013 በትግራይ ለስድስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፣ ምክር ቤቱም አጸደቀው፤ በአንቀጽ 55 መሠረት የሚወጣ የጦርነት አዋጅ ግን አልወጣም፣ ውጊያውም የሕግ ማስከበር ዘመቻ ተባለ። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2014፣ ምክር ቤቱ መላ አገሪቱን የሚሸፍን ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ፤ ያን ጊዜ ውጊያው ወደ ሰሜን ሸዋ እየወረደ ነበር፤ ኅዳር 22 ቀን መንግሥት መዘዞንና ሞላሌን ከሸዋ ሮቢት ጋር ማስለቀቁን ሲያስታውቅ የመንዝ ስም በጦር ሜዳ መግለጫ ውስጥ ተነበበ። በዚያው በጀት ዓመት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፣ ከዚህም 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። ገንዘብ ማጽደቅ ፈቃዱ እንደገና የሚጠየቅበት ሁነኛ ሰዓት ነው።

የካቲት 8 ቀን 2014 አዋጁ ከጊዜው በፊት እንዲነሣ ሲጠየቅ 63 አባላት ተቃወሙ፣ 21 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። የኢትዮጵያ እንደራሴ ከመንግሥት ሐሳብ ጋር በአደባባይ መለየት እንደሚችል ያሳያል፤ ግን የተለየው መንግሥት ገደቡን ላላ ሲያደርግ እንጂ ሲያጠብቅ አልነበረም። የተቃወሙት ሰዎች ስጋት መሠረተ ቢስ አልነበረም፣ በድንበር ወረዳዎች ያለ መራጭ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ገና አላመነም ነበርና። ሆኖም የተፈቀደው ሥልጣን እንዴት እንደሠራ፣ ማን እንደታሰረ፣ ስንት ሰው እንደሞተ በዚያ ቁጥር ልክ የተጠየቀበት ጉባኤ በቀደሙት ወራት አልታየም።

በሌላውም ዓለም ከፈቀዱ በኋላ የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ጀርመናዊው ካርል ሊብክኔኽት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 1914 የጦርነቱን ብድር ከፓርቲው ጋር ሆኖ ደግፎ ድምፅ ሰጠ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን ያው ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ ከጉባኤው ሁሉ ብቻውን ተቃወመ። ቃሉን አጠፈ ያሉት ነበሩ፤ ነገር ግን በነሐሴ የተነገረው የመከላከል ጦርነት በታኅሣሥ በቤልጂየም ምድር ላይ ነበር፤ ያጠፈው ሌላው ወገን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ለፕሬዝዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 የሰጠውን የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ፈቃድ በ1971 ሽሮታል፤ የቬትናሙ ጦርነት ግን ሽረቱን ከቁብ ሳይቆጥር ቀጠለ፣ ኮንግረሱ ጥርስ ያወጣው በ1973 ገንዘቡን ሲዘጋ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በዚህ በኩል ከብዙዎች የተሻለ መሣሪያ አለው። በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ ከስድስት ወር አያልፍም፣ ከዚያ በኋላም በየአራት ወሩ በዚያው የድምፅ ብዛት ካልታደሰ ይሞታል፤ ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የሚውጣጣ፣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም በዚያው ቀን ይቋቋማል፣ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል፣ እድሳት ሲጠየቅ አስተያየቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ጊዜው ሲያልቅ «ፈቅደናል» የሚለው መልስ ስለማይበቃ፣ እንደራሴው እንደ አዲስ መፍቀድ አለበት፤ ዮፍታሔ ያልተጠቀመበት መውጫ እዚህ በቀን ተቆርጦ ተቀምጧል።

ነሐሴ 8 ቀን 2015 በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲጸድቅ 16 አባላት ተቃውመው 12 ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ጥር 24 ቀን 2016 እድሳቱ ሲቀርብ የተቃወመው ሰው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነበር። በመካከል ባሉት ወራት ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በክልሉ ውጊያው አልበረደም፤ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል አንዱ፣ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን የታሰሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ በእድሳቱ ቀንም ወንበራቸው ላይ አልነበሩም።